በሪል ታይም ሊኑክስ ድራይቨር ለምትጽፉ ወጣቶች

ልጆች፣ ማስጠንቀቂያን ዝም ለማሰኘት ብላችሁ ቁልፍ (ሎክ፦ ሁለት ኮዶች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክለውን) አትቀይሩ። እኔ አድርጌዋለሁ።

የሞተር መቆጣጠሪያ ድራይቨር ወደ ሪል ታይም ከርነል (በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ወደተሠራው የሊኑክስ እምብርት) ሳዛውር ነው። ማሽኑ ገና ከመነሳቱ ኮንሶሉ «መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ የሚተኛ ፈንክሽን ተጠርቷል» በሚል መልእክት ተሞላ። ርክክቡ ስለደረሰብኝ ስፒንሎክ የሚባሉትን ቁልፎች በሙሉ ወደ ሮው ስፒንሎክ፣ ማለትም ጠባቂው ሳይተኛ እየተሽከረከረ ወደሚጠብቀው ዓይነት፣ ለወጥኳቸው። መልእክቱ ጠፋ። መዘግየት የሚለካውን ሳይክሊክቴስት ከፍቼ አደርኩ፤ ጠዋት ሳየው በአሥራዎቹ ማይክሮ ሰከንድ የነበረው መዘግየት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ አልፏል። ለካ በቁልፉ ውስጥ የትእዛዝ ወረፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስስ ሉፕ ነበር፤ እሱ እስኪጨርስ ያ ሲፒዩ ምንም ኢንተረፕት (ከሃርድዌር የሚመጣ የ«አቋርጥና ስማኝ» ጥሪ) አይሰማም።

በሪል ታይም ከርነል የስፒንሎክ ስሙ ያው ነው፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ቁልፉ እስኪለቀቅ የሚጠብቀው ኮድ (ጠባቂው) ሊተኛ፣ ማለትም ሲፒዩውን ለሌላ ሊለቅ፣ ይችላል፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ቶሎ ጨርሶ እንዲለቅ የጠባቂውን ቅድሚያ ይወርሳል። በተለመደው ከርነል ኢንተረፕት የሚዘጋውን ስፒን-ሎክ-አይአርኪው-ሴቭ ብትሉም እዚህ ኢንተረፕት አይዘጋም። ይህ የማይጎዳችሁ ሃንድለራችሁ (ኢንተረፕት ሲመጣ የሚሠራው ኮድ) ራሱ በከርነል ስሬድ፣ ማለትም ከርነሉ ቅድሚያ ሰጥቶ በሚያሰልፈው ሥራ፣ ውስጥ ስለሚሠራ ነው፤ ካልነካችሁት ቅድሚያው 50 ነው። ሮው ስፒንሎክ ግን እንደ ድሮው ይሽከረከራል። እዚያ ውስጥ ሬጅስተራችሁን አንብቡ፣ ጻፉ፣ ውጡ። ሚሞሪ አትጠይቁ፤ «ሳትተኛ ስጠኝ» የሚለው አቶሚክ ፍላግ እንኳ አያድናችሁም፣ ሚሞሪ ሰጪው ኮድ ራሱ የሚተኛ ቁልፍ ይይዛልና።

የኔ ሃንድለር ከስሬድ ውጭ የቀረው ኖ-ስሬድ (ሃንድለሩን ስሬድ ውስጥ አታስገባ) የሚለውን ፍላግ ከሌላ ድራይቨር ስገለብጥ አብሬ ስላመጣሁት ነበር። ለምን እንደተጻፈ አልጠየቅኩም። እሱን አንስቼ ቁልፎቹን ወደ ተራው ስፒንሎክ ስመልስ መዘግየቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ቁልፍ ከመምረጣችሁ በፊት ኮዱ የት እንደሚሠራ እወቁ፦ በስሬድ ወይስ በሃርድ ኢንተረፕት (ከስሬድ ውጭ፣ ኢንተረፕቱ እንደመጣ ወዲያው)? ሮው ያላችሁበት መስመር ላይም የትኛው ሃርድ ኢንተረፕት እንደሚነካው ኮሜንት ጻፉ።

ከ2024 ወዲህ፣ ከሊኑክስ 6.12 ጀምሮ፣ ከርነሉን ሪል ታይም የሚያደርገው ፕሪኤምፕት-አርቲ በዋናው ከርነል ውስጥ ስላለ ድራይቨራችሁን ማን በሪል ታይም እንደሚያስኬደው አታውቁም። የቁልፍ ስህተትን በሚፈትሸው የከርነል መሣሪያ፣ በሎክዴፕ፣ ፕሩቭ-ሮው-ሎክ-ኔስቲንግ የሚለውን ምርጫ አብሩት። በሮው ስፒንሎክ ውስጥ ተራ ስፒንሎክ ከያዛችሁ፣ በተለመደው ከርነል ላይ ሳላችሁም ይነግራችኋል።