በደብረ ሲና ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ቤት የአፈር ጥናት ለምን ይጠየቃል?

ጤና ይስጥልኝ። የቤት ማኅበራችሁ በደብረ ሲና ዳርቻ ባለ ተዳፋት ላይ ያቀረበውን ፕላን ማዘጋጃ ቤቱ «የአፈር ጥናት አያይዙ» ብሎ እንደመለሰባችሁ ገልጸው፣ ይህ ማንገላታት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ባይጠየቅ ኖሮ እጨነቅ ነበር።

ከጣርማ በር ገደል ሥር ያለው መሬት በአብዛኛው ከላይ የተናደ ድንጋይና አፈር የተከመረበት ሲሆን፣ በክረምት ውኃ ሲጠግብ ክብደቱ ይጨምራል፣ የሚይዘው ጉልበት ግን ይቀንሳል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በይዛባ ወይን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው ያፈናቀለው እዚያው አቅራቢያ ነው።

ባለሙያ ይዘው ቦታውን ሲያዩ ከቤቱ ንድፍ በፊት ውኃውን ይመልከቱ፤ ምንጭ የሚፈልቅበትን መስመር፣ ግንዳቸው ከሥሩ የጎበጠ ዛፎችን፣ ተዳፋቱን አግድም የሰነጠቀ መሬትን። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በሐምሌ ጣት የማያስገባ ሆኖ በመስከረም ክንድ ሲውጥ አይቻለሁ። ቦታ ለመደልደል ተብሎ የተዳፋቱን እግር መቁረጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የድጋፍ ግንብ ቢሠራም ከጀርባው የውኃ መውጫ ከሌለው ውኃው ራሱ ገፍቶ ይጥለዋል።

አማካሪ ከመቅጠራችሁ በፊት ጥናቱ የትኞቹን ነጥቦች እንዲመልስ፣ የሙከራ ጉድጓዶቹም ስንትና ምን ያህል ጥልቅ እንዲሆኑ እንደሚፈለግ ማዘጋጃ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቁፋሮውም ክረምቱ እንደወጣ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ሳይወርድ ቢካሄድ ይመረጣል።