ጽዳት ድርጅትና የጉልበት ብዝበዛ፦ ከሐዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ሐዋሳ ውስጥ ጽዳት ድርጅት ያላችሁ፣ በጽዳት የምትሠሩና አገልግሎቱን የምትገዙ ሰዎች ስለ ዘመናዊ ባርነት ጥያቄ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር። ብዙ ደረሰኝ። በዚህ ሥራ ቅጥርና ውል ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ደሞዝ እየከፈልን «ባርነት» ማለት አይበዛም?

ደሞዝ መክፈል ብቻውን ነገሩን አይቋጨውም። ዋናው መለኪያ ሠራተኛዋ «በቃኝ» ብላ መውጣት ትችላለች ወይ የሚለው ነው። መታወቂያዋ ከተያዘ፣ ደሞዟ ከታገተ ወይም ዕዳ ካለባት በሩ ክፍት ቢሆንም አትወጣም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶችን አውጥቷል። ሰነድ መያዝ፣ ደሞዝ መከልከል፣ በዕዳ ማሰር፣ ማስፈራራትና ከልክ ያለፈ ትርፍ ሰዓት ከነሱ ውስጥ ናቸው። አንዱ ምልክት ስለታየ ብቻ ወንጀል ተፈጽሟል አይባልም፤ ግን ማጣራት ግድ ይላል። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ላይ ባርነትንም የግዳጅ ሥራንም ከልክሏል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ የሚያመጣልኝ ደላላ ነው። ልጆቹ ለሱ ምን እንደሚከፍሉ ጠይቄ አላውቅም። እኔን ይመለከተኛል?

በጣም ይመለከትዎታል። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርዎ። ከገጠር የመጣች ልጅ መናኸሪያ ትወርዳለች። ማረፊያ ስለሌላት ደላላው ያሳድራታል። የመኝታ፣ የምግብ፣ የትራንስፖርት እያለ ይጽፍባታል። ሥራ ስታገኝ የመጀመሪያ ወር ደሞዟ ለሱ ይገባል። በሁለተኛው ወር የቤት ኪራይ ሲጠፋት መልሳ ከሱው ትበደራለች። ከዚያ በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ቢሰድባት፣ እረፍቷን ቢያስቀራት ቃል አትተነፍስም። እርስዎ «ጎበዝና ታዛዥ ሠራተኛ አገኘሁ» ይላሉ። የያዛት ግን ዕዳው ነው።

ስለዚህ የደላላውን ወይም የኤጀንሲውን ዋጋ ድርጅትዎ ይክፈል፤ በጽሑፍ ውልና በደረሰኝ። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 በመርህ ደረጃ የግል ኤጀንሲ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሠራተኛውን እንዳያስከፍል ይከለክላል። ልጅቷን በቀጠሩ ቀን ደላላውም ሱፐርቫይዘሩም በሌሉበት፣ በሲዳሙ አፎም በወላይትኛም ይሁን በሚቀላት ቋንቋ «እዚህ ለመግባት ለማን ስንት ከፈልሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሁለት ወር ቆይታችሁ እንደገና ጠይቋት። መጀመሪያ ቀን የፈራችውን ያኔ ትናገራለች። ከፍላ ከሆነ ገንዘቧን መልሱላት፤ ከደላላው ሂሳብ ላይ ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ንብረት እንዳይጠፋ መታወቂያ ብንይዝስ?

አይያዝም። ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን እዚያው መልሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወለል ማሽን ተበላሸ ብለው ከደሞዜ ግማሹን ቆረጡት። ልልቀቅ ስል ደግሞ የቀረውን አንሰጥሽም አሉኝ።

እህቴ፣ ሁለቱም ልክ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ ዝም ብሎ ደሞዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የአንቺ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። እሱም ቢኖር በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝሽ ከ1/3 በላይ መቁረጥ አይቻልም። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ መልቀቅ መብትሽ ነው። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ ሂሳብሽ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል። የሠራሽባቸውን ቀናትና የተቀበልሽውን ብር ደብተር ላይ ጻፊ፣ የማስጠንቀቂያውን ኮፒ ያዢ። ካልከፈሉሽ ወደ ከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሂጂ። ብቻሽን ከምትሄጂ እንዳንቺ የተቆረጠባቸውን ጓደኞችሽን ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ሆቴል አስተዳድራለሁ። ጽዳቱን የሚሠራው በጨረታ ያሸነፈ ድርጅት ነው። ምን ላጣራ?

መጀመሪያ የራስዎን ዋጋ ይመልከቱ። ለአንድ ሠራተኛ በወር 5,500 ብር ይከፍላሉ እንበል። ድርጅቱ ደሞዟ 5,000 ብር ነው አለ። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው፤ 550 ብር። ገና በረኪና፣ ሳሙና፣ ጓንትና ጋዋን ሳይገዛ፣ ዓመት እረፍት ስትወጣ የሚተካትን ሳይከፍል 50 ብር ከስሯል። ታዲያ ትርፉ ከየት ይመጣል? ከሷ ነው። ወይ ጡረታው አይገባም፣ ወይ ትርፍ ሰዓቱ አይከፈልም፣ ወይ ደሞዙ 5,000 አይደለም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ዝም ብሎ መምረጥ ብዝበዛውን አብሮ መግዛት ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ አገራችን ለግሉ ዘርፍ ያወጣችው ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል በሌለበት፣ ወለሉን የሚያስቀምጠው የናንተ ውል ነው።

ከዚያ የደሞዝ መክፈያውንና የጡረታ ገቢ ደረሰኙን በየወሩ ይጠይቁ። የሰዎቹ ቁጥር ሆቴልዎ ውስጥ ከሚያዩዋቸው ጋር ይገጥማል? ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደሞዝ በ1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው፤ ሰነዱ ላይ ይታያል? አንድ ሌሊት ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ በሌለበት ሠራተኞቹን ያናግሩ። ያነጋገሯት ልጅ በማግሥቱ ከሥራ ብትቀር ግን ዝም አይበሉ።

ጥያቄ፦ ጓንትና ዩኒፎርም ከየት እንደሚመጣ ትንሽ ድርጅት እንዴት ያውቃል?

ሁሉንም ማወቅ አይችልም፤ መጠየቅ ግን ይችላል። ጓንት ቀላል ዕቃ ይመስላል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የማሌዥያው ቶፕ ግላቭ አንዳንድ ፋብሪካዎች ጓንት እንዳይገባ አግዳ ነበር። ከተነሡት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ በዕዳ መታሰር ነው። የውጭ አገር ሠራተኞቹ ሥራውን ለማግኘት ለደላሎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው ነበር የመጡት። ኩባንያው በኋላ ክፍያውን ለሠራተኞቹ መለሰ። መናኸሪያችን ካለው ነገር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አያችሁ?

ከአቅራቢያችሁ ጀምሩ። ጋዋን የሚሰፋላችሁ፣ ልብስ የሚያጥብላችሁ፣ ቆሻሻ የሚያነሳላችሁ ማነው? ሄዳችሁ እዩ። ለጓንትና ለኬሚካል አስመጪውን የፋብሪካውን ስም ጠይቁ፤ ሊናገር ካልፈለገ ሌላ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ የውጭ ደንበኛ ስለ ዘመናዊ ባርነት ፎርም ላከልን። ግዴታ ነው?

የእንግሊዝ የ2015 (እ.ኤ.አ.) የዘመናዊ ባርነት ሕግ እዚያ አገር የሚነግዱና የዓመት ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድ የሞላ ድርጅቶች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያስገድዳል። እናንተን በቀጥታ ላይነካ ይችላል፤ ደንበኛችሁ ግን የሚጠይቃችሁ ለዚያ ነው። ያልሠራችሁትን ሠርተናል ብላችሁ አትሙሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ተባባሪ ድርጅት ሠራተኞችን በዕዳ ይዞ ብናገኝ ውሉን እናቋርጥ?

መጀመሪያ ሠራተኞቹ! ውሉን በችኮላ ብታቋርጡ ያለ ደሞዝ ጎዳና ላይ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ያልተከፈላቸው እንዲከፈል፣ ሰነዳቸው እንዲመለስ አድርጉ፤ ፈቃደኛ የሆኑትን እናንተ ቅጠሩ። መደብደብ፣ መቆለፍ ወይም ማስፈራራት ካለ ግን ድርድር የለም፤ ሠራተኞቹን ለአደጋ በማያጋልጥ መንገድ ለፖሊስ ይነገራል። አዋጅ 1178/2012 በሰው መነገድን የሚቀጣ ሕግ ነው። ተጎጂዋ «ተስማምቼ ነው» ማለቷም ጥፋተኛውን አያድነውም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ ሌሊት ቢሮ ብታጸዳ ችግር አለው?

አዎ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠሩም። ትርፍ ሰዓትም አይፈቀድላቸውም። ልጅቷን ቀን አስገቧት፤ የምትማር ከሆነም ሺፍቷን ከትምህርቷ ጋር አስማሙላት።