ሲዲው ይሽከረከራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም አለ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዘመዳሞች ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ዊንዶውስ ሊጫንበት ሲዲ ወይም ዲቪዲ ገብቷል። ማሽኑ ግን ዲስኩን እንዳላየ ያልፈዋል። ጠያቂዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል «ሲዲ ማንበቢያው ሞቷል» ብለው ፈርደውበታል። እኔ እሱን የምጠረጥረው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 7 አውርጄ ዲቪዲ ላይ ኮፒ አደረግኩ። ላፕቶፕ ላይ ሳስገባው ፋይሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሮጌው ዴስክቶፕ ግን በቀጥታ ወደ ድሮው ዊንዶውስ ይገባል። ማንበቢያውን ልቀይረው?

መልስ፦ ለጊዜው ገንዘብ አያውጡ። ዲቪዲውን ሲከፍቱ የሚታየው አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል ብቻ ነው? እንግዲያውስ ችግሩ እሱ ነው። አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ ነው፤ ማስነሻው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከዲስኩ የሚያስነሳው ክፍል፣ ያለው በውስጡ ነው። እንደ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ማስነሻው እንደታሸገ ይቀራል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ደግሞ ፋይል ከፍቶ ውስጡን አይፈትሽም። ዲስኩ ላይ በተወሰነ ቦታ ማስነሻ መኖሩን ያያል፤ ካጣ ወደ ሀርድ ዲስኩ ያልፋል።

ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክተው «በርን ዲስክ ኢሜጅ» የሚለውን ይምረጡ። በትክክል የተሠራ ዲስክ ሲከፈት «ቡት» እና «ሶርስስ» የተባሉ ፎልደሮችን፣ «ሴትአፕ» የሚል ፋይልም ያሳያል። አዲስ ዲቪዲ ይጠቀሙ፤ ፍጥነቱንም ዝቅ ያድርጉት። እየተሰረዘ ደጋግሞ የሚጻፍበትን ዓይነት ዲስክ ይተዉት፤ ብዙ አሮጌ ማንበቢያዎች እሱን ማንበብ ይቸግራቸዋል። የማንበቢያውን ፊትም ልብ ብለው ይዩት። ዲቪዲ የሚል ምልክት ከሌለውና ሲዲ ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ ምንም ቢደረግ ዲቪዲ አያነብም። 700 ሜጋባይት በሚይዝ ሲዲ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ 7 አይበቃም።

ጥያቄ፦ ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሲዲውን አንደኛ አደርገዋለሁ። ያን ቀን በደንብ ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ተመልሶ ሀርድ ዲስኩ አንደኛ ይሆናል። ቀኑም 2002 ይላል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። ቀኑ ራሱ መልሱን ነግሮዎታል። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፤ አልቃለች። የባዮስን ሰዓትና ምርጫዎች ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ትንሽ ኤሌክትሪክ ለማዘርቦርዱ ይደርሰዋል። ስለዚህ የባትሪዋ ማለቅ አይታወቅም። መብራት ሲጠፋ ወይም ማከፋፈያውን ሲያጠፉት ነው ጉዱ የሚወጣው። መብራት ዘወትር በማይጠፋበት አገር ይህ ችግር ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ እኛ ጋ ቶሎ ይጋለጣል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ሲከፈት «ኤፍ 1 ተጫን» ብሎ ይቆማል። ወይም ኢንተርኔት ሲከፍቱ ብሮውዘሩ ድረ ገጹን አላምነውም ይላል፤ ቀኑ ስለተሳሳተ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ኮምፒውተራቸውን ፎርማት ያስደረጉ ሰዎች አውቃለሁ። ፎርማት ባትሪ አይሞላም!

በአብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ በአንዳንድ የመኪና ቁልፍ ውስጥም አለች። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ አሮጌዋን ያውጡ፣ አዲሷን አሮጌዋ በነበረችበት አቅጣጫ ያስገቡ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልላ ሽቦ ያላት ስለሆነች ለባለሙያ ቢተዉት ይሻላል። ከዚያ ቀኑንና ቅደም ተከተሉን አስተካክለው ሴቭ ያድርጉ።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሲዲ ለማስነሳት ከሆነ ቅደም ተከተሉን መነካካትም አያስፈልግም። እንደተከፈተ ወዲያው ከምን እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ የድሮው ዊንዶውስ ይከፈታል። ተማሪ ነኝ፣ አዲስ መግዛት አልችልም።

መልስ፦ የምትገዛው ነገር የለም። ጽሑፉ «ከሲዲ ለመነሳት ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን» ነው የሚለው። ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ያልፋል። ሲመጣ ስፔስ ተጫን። ተጭነህም ኮምፒውተሩ ምላሽ ካልሰጠ ኪቦርድህ የዩኤስቢ ይሆናል፤ አንዳንድ አሮጌ ባዮስ ዊንዶውስ ሳይከፈት የዩኤስቢ ኪቦርድ አያውቅም። ክብ መሰኪያ ያለው የድሮ ኪቦርድ ተዋስ።

ጥያቄ፦ የዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ ይነሳል፣ ፋይል መጫን ይጀምራል፣ ከዚያ በ7ቢ የሚያልቅ ቁጥር ያለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል።

መልስ፦ ሲዲውም ማንበቢያውም ጤነኛ ናቸው። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከሱ በኋላ የመጡ የሀርድ ዲስክ አሠራሮችን አያውቅም። ባዮስ ውስጥ የሀርድ ዲስኩን አሠራር የሚያስመርጠውን፣ ሳታ የሚለውን ይፈልጉና ከአዲሱ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ድሮው አይዲኢ ይቀይሩት፤ አንዳንዱ ማሽን «ኮምፓቲብል» ይለዋል። ሀርድ ዲስኩ ላይ የቆየ ዊንዶውስ ካለና እንዲሠራ ከፈለጉ ግን ምርጫውን ወደ ነበረበት ይመልሱት፤ አለበለዚያ እሱም በተራው ሰማያዊ ይሆናል። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። ለአንድ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ ግድ የለም፣ ይጫኑት። ኢንተርኔት ግን አያስገቡበት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ማንበቢያው የትኛውንም ዲስክ አያነብም። በፍላሽ እንዳልጭን ባዮሱ ፍላሽ የሚል ምርጫ የለውም።

መልስ፦ እንግዲህ የእርስዎ በእርግጥ ሞቷል። ግን ፍላሹን ቶሎ ተስፋ አይቁረጡበት። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ማስነሻ የተዘጋጀበትን ፍላሽ ይሰኩ፣ ከዚያ ከፍተው ባዮስ ይግቡ። ብዙ አሮጌ ባዮሶች ፍላሽን ለብቻው አይጠሩትም፤ ከሀርድ ዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ይከቱታል፣ ያውም አስቀድሞ ከተሰካ ብቻ። እዚያ ከሌለ ከሌላ ዴስክቶፕ ማንበቢያ ነቅለው ይዋሱ። የሰፊ ሪባን ገመዱ ዓይነት ከሆነና ሀርድ ዲስኩም በዚያው ገመድ ላይ ካለ፣ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ጃምፐር (ሚስማሮቹ ላይ የምትሰካ መጠቆሚያ) ይዩ፤ ሁለቱም «ማስተር» (አንደኛ) ከሆኑ ይጋጫሉ። ማንበቢያውን «ስሌቭ» (ሁለተኛ) ያድርጉት። ተጭኖ ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመልሱ።