ከጅቡቲ የመጣው ጠረጴዛ አዳማ ላይ ለምን ተሰነጠቀ?

የተከበሩ ጠያቂ፣ እንደጻፉልኝ ከሆነ ከብዙ ዓመት የጅቡቲ ኑሮ በኋላ ባለፈው ኅዳር ወደ አዳማ ተዛውረዋል፤ ይዘውት የመጡት ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቲክ የምግብ ጠረጴዛም በሁለት ወር ውስጥ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። የቁም ሣጥኑ መሳቢያዎች ላልተዋል፣ የበሮቹ ማጠፊያዎች ዝገዋል። አንድ አናጺ ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ ከሥር ብረት ሊያስርበት ሐሳብ አቅርቦልዎታል፤ እርስዎ ደግሞ የሌሊቱን ብርድ ጠርጥረዋል። ጅቡቲ የቀረውን አልጋ እንዴት ቢያስመጡ እንደሚሻልም ጠይቀዋል።

ብርዱ ጥፋት የለበትም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የታኅሣሥ ሌሊቷ ከጅቡቲ ለመጣ ሰው ቢከብድም፣ እንጨት እንዲህ ባለ ቅዝቃዜ አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጥቀው ድርቀት ነው። እንጨት ቫርኒሽ ከተቀባም በኋላ ካለበት አየር ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ በሆነበት ስፍራ የከረመ እንጨት የደረቅ ክብደቱን 14 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ 45 በመቶ ወደሆነበት ሲዛወር ግን ቀስ በቀስ ወደ 8 ወይም 9 በመቶ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የጅቡቲ የባሕር አየር እርጥብ፣ የአዳማ በጋ ደግሞ ደረቅ የሚሆንበት ስለሆነ፣ ዕቃዎ የተጓዘው ልዩነቱ በሰፋበት ወቅት ነው። በከተማችን ዳር የቆሙትን የኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ነፋስም ጣውላ ለማድረቅ አይሰንፍም።

እንጨት ውኃ ሲያጣ በቁመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ የሚጠበው በወርዱ ነው። የእርስዎ ጠረጴዛ ገጽ በዚህ የእርጥበት ልዩነት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ቲክ ከብዙዎቹ እንጨቶች ያነሰ የሚንቀሳቀስ ቢሆንም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። መጥበቡ ብቻውን አይሰነጥቅም፤ የሚሰነጥቀው ገጹ እንዳይጠብ የከለከለው ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ። ገጹ ዙሪያውን ከያዘው ክፈፍ ጋር በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ ከሆነ፣ እንደሚመስለኝም ከሆነ፣ ጥፋቱ የሠሪው እንጂ የእንጨቱም የከተማውም አይደለም።

የቀረበልዎትን የብረት ማሰሪያ አይቀበሉ፤ ያው እስር ነውና ከአሁኑ ስንጥቅ አጠገብ ሁለተኛ ይጨምርልዎታል። በምትኩ ብሎኖቹን ያላሉ። በአጫጭሮቹ ጎኖች መካከል ላይ ያሉት ብቻ ጠብቀው ይቆዩ፤ በግራና በቀኝ ያሉት የክፈፉ ቀዳዳዎች በጠረጴዛው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ሆነው ይስፉና ብሎኖቹ በሮንዴላ ሳይጨነቁ ይታሰሩ። በረጃጅሞቹ ጎኖች ያሉትን ጨርሶ አውጥቶ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የማዕዘን ብረት መግጠም ይሻላል። እስሩ ሲፈታ ስንጥቁ ራሱ ጠበብ ማለቱን ብዙ ጊዜ ያያሉ።

ከዚያ ይጠብቁ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርገው በየሁለት ሳምንቱ ርቀቱን ይለኩ፤ ተከታታይ ልኬቶች እኩል ሲሆኑ እንጨቱ ከአዳማ አየር ጋር ተስማምቷል፤ ጥገናው የሚጀመረውም ያን ጊዜ ነው። የተከፈተው ሁለት ጣውላዎች በኮላ የተጋጠሙበት መስመር ከሆነ፣ ለያይቶ አሮጌውን ኮላ ማጽዳት፣ ጠርዙን በመላጊያ ማስተካከልና በአዲስ ኮላ በሞርሳ ማጣበቅ ይቻላል። የተሰነጠቀው ራሱ ጣውላው ከሆነና ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልዘለቀ ግን በጠንካራ ነገር አይደፈን፤ ክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ድፍኑ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይፈለቅቀዋል። ቀለሙ የተመሳሰለ ሰም ይበቃዋል፤ ለስላሳ ስለሆነ ሲጨመቅ ይወጣል እንጂ አይገፋም። ክፍተቱን ለመዝጋት ውኃ ማርከፍከፍ ግን ፊቱን ብቻ አሳብጦ ገጹን ያጣምመዋል።

ለመሳቢያዎቹ ለጊዜው ምንም አያድርጉ። በጥር ልክ እንዲሆኑ የተደረጉ መሳቢያዎች በነሐሴ አልከፈት ይላሉ። በበሮቹ መሐል ባለው ጣውላ ጠርዝ ላይ ቫርኒሽ ያልነካው ቀጭን መስመር ብቅ ብሎ ካዩም አይደንግጡ፤ ጣውላው በክፈፉ ውስጥ ነጻ ሆኖ መሥራቱን ያሳያል፤ ቀለም ያስነኩት እንጂ ኮላ እንዳያስገቡበት።

ማጠፊያዎቹ ላይ ያለው ዝገት ሌላ ምክንያት አለው። ከባሕር የመጣው ጨው ብረቱ ላይ ተቀምጦ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ከባሕሩ ከራቁ በኋላም ዝገቱ ይቀጥላል። ፈትተው በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በደንብ አድርቀው ዘይት ያስነኳቸው። ብሎኖቹን መተካት ይቀላል።

አልጋውን በተመለከተ፣ የሚቸኩሉበት ምክንያት ከሌለ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ያስመጡት። ያን ጊዜ የአዳማ አየር እርጥብ ስለሆነ እንጨቱ በድንገት አይደርቅም፤ ከመስከረም በኋላ ቀስ እያለ ይለምዳል። ከመጫኑ በፊት የራስጌው ሰፊ ጣውላ በብሎን ወይም በምስማር ከእግሮቹ ጋር ታስሮ እንደሆነ አናጺ ይመልከተውና ያላላው፤ የጎን ወራጆቹ በቁመታቸው ስለማያጥሩ አያሳስቡዎት። ሲደርስም ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥርና ከከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳያስቀምጡት፤ ከራስጌው በስተጀርባ ያለው ፊት ባዶ ከሆነም እንደ ፊተኛው ሁሉ ቫርኒሽ ያስቀቡት፤ አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ጣውላ ባልተቀባው በኩል ቀድሞ ደርቆ ይጎብጣልና።