በዋልካ ጓሮ አበባን ከዘር ማብቀል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰንዳፋ አካባቢ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ የገዛሁትን የአበባ ዘር፣ ኮስሞስ፣ ካሌንዱላና ዚኒያ፣ አጥሩን ተከትዬ ዘራሁ። ግማሹ ጨርሶ አልወጣም፤ የወጣውም ጣት ሳያክል ቢጫ ሆኖ ቀረ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ፍግም አልነፈግሁትም። ዘንድሮ ዩሪያ ልጨምርበት? ሁለት ቀፎ ስላለኝ ለንብ የሚሆነውንም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ዩሪያውን ለስንዴው ያቆዩት። ቡቃያው ቢጫ የሆነው ታፍኖ ነው። ዋልካ በሐምሌ ውሃ ሲጠግብ በአፈሩ ውስጥ የነበረው አየር ይወጣል፤ ሥርም አየር ካጣ ምግቡ አጠገቡ እያለ መሳብ ያቅተዋል። ከሥር ያለው ዘር ደግሞ ሳይበቅል ይበሰብሳል። ስንዴ ሲዘሩ ውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ እንደሚያወጡት ሁሉ ለአበባውም ያንኑ ያድርጉለት።

አጥሩን ተከትለው ስፋቱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ያውጡ፤ ቦዩም ውሃውን ከአጥሩ አርቆ የሚያወጣ ተዳፋት ይኑረው። ዋልካ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ የሚቆፈርበት ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ይጀምሩት። ፍጉን በተመለከተ ጥቂት ብቻ፣ ያውም በደንብ የበሰበሰ ይበቃል። እኔ ራሴ በድሮ የከብት በረት ላይ ኮስሞስ ዘርቼ አይቻለሁ፤ ከሰው ቁመት በልጦ ቅጠል በቅጠል ሆነ፣ አበባው ዘገየ፣ ነፋስም ጣለው። ናስቱርቲየም የተባለው አበባም እንደዚሁ ነው። ለጎመን የሚደረገው ሁሉ ለአበባ አይደረግም።

ከአፈሩ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን ወቅቱ ነው። ብዙ የዘር ፓኬት ጀርባ ላይ ከማርች እስከ ሜይ ይዘራ ይላል። ያ ለአውሮፓ የተጻፈ ነው፤ እዚያ ብርዱ የሚያበቃው ያኔ ነው። የእኛ ውርጭ የሚመጣው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ሌሊት ጥርት ሲል የመሬቱ ሙቀት ያመልጣል፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። እንደ ሰንዳፋና ሱሉልታ ባለ ሜዳ ላይ ይህን ሳያስቡ አበባ መዝራት ድካም ነው።

ስለዚህ ዘርዎን ሁለት ቦታ ይክፈሉት። ውርጭ የማይችሉት ኮስሞስ፣ ዚኒያ፣ ማሪጎልድ፣ ናስቱርቲየምና የሱፍ አበባ ናቸው። እነዚህን ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ፣ አፈሩ ውሃ ሳይጠግብ፣ በመደቡ ላይ ይዝሯቸው። ሐምሌ ሲደርስ ሥር ሰድደው ይጠብቁታል፤ ኮስሞስ ከተዘራ ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ ስለሚያብብ ለእንቁጣጣሽ ይደርስልዎታል። ብርድ የሚችሉት ካሌንዱላና ኮርንፍላወር ደግሞ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ጎረቤትዎ ሽምብራና ጓያ በሚዘራበት ሰሞን ይዘሩ። ልክ እንደ ሽምብራው በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይነሳሉ፤ ዋልካ ውሃ ሲይዝ የሚጠቅመንም ያኔ ነው። ኋላ መሬቱ ሲሰነጠቅ ግን በሳምንት ሁለቴ ያጠጧቸው። ሳሙናና በረኪና ያልነካው የአትክልት እጣቢም ይሆናል።

ስለ ንቦቹ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ዘር ሲገዙ ድርብርብ አበባ የሚያወጣውን ይተዉት፤ ለዓይን ያምራል፣ ንብ ግን ወለላውና ጽጌው (ጣፋጩ ፈሳሽና ብናኙ) ጋ ለመድረስ ይቸግራታል። መሀሉ ወለል ብሎ የሚታየው ነጠላ አበባ ይሻላታል። ከኮስሞስና ከሱፍ አበባ ጎን አንድ ጥግ ለአደይ አበባ ይተዉ ብዬ እለምንዎታለሁ። የኑግ ዘመድ ነው፣ ከአገሩ ብርድና ዋልካ ጋር የተዋወቀ፣ ንብም የምትወደው። ዙሪያው እየታረሰ ቦታው እየጠበበ ነው። አበባው ሲደርቅ ዘሩን ለቅመው ያቆዩና ሰኔ ላይ በተጫጫረ አፈር ላይ ይበትኑት። ላርክስፐር የሚባለውን አበባ ግን ከብት በሚደርስበት አጥር ላይ አይዝሩ፤ ለከብት መርዝ ነው።

አዘራሩ ቀላል ነው። በመስመር ይዝሩ፤ በብተና ከዘሩት መጭና ሌላው አረም አብሮ ሲወጣ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዘሩን በስሱ አፈር ያልብሱት፤ ለኮስሞስና ለካሌንዱላ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ለናስቱርቲየምና ለሱፍ አበባ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ጣል ያድርጉበት።

ሰው ሁሉ የሚሳሳው ተጠጋግቶ የበቀለውን ቡቃያ ለማሳሳት ነው። የበቀለን ነቅሎ መጣል አንጀት አይችልም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ኮስሞስ 30፣ ካሌንዱላ 25 ሳንቲ ሜትር ካልተራራቀ ሁሉም ቀጭን ይሆንና በመጀመሪያው ነፋስ ይተኛል። ከዘሩ መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለት ቅጠሎች በኋላ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ከዝናብ በኋላ አፈሩ ለስላሳ ሳለ ያሳሱት፤ የተነቀለውም ኮስሞስ ሥሩ ሳይጎዳ ወዲያው ክፍት ቦታ ላይ ቢተከል ይይዛል።

የጠወለገውን አበባ እየቀነጠሱ ይጣሉ፤ ተክሉ ዘር ለመቋጠር ስለሚጣደፍ፣ ሲቀነጠስበት እንደገና ያብባል። ከመጨረሻው ዙር ግን ደህና ደህናውን ለዘር ይተዉ። የኮስሞስ ዘር እንደ መርፌ ቀጥ ያለና ጥቁር፣ የካሌንዱላ የተጣመመ ነው። በጥላ አድርቀው በጨርቅ ወይም በወረቀት ቋጥረው ያስቀምጡ፤ ፌስታል እርጥበት ካፈነ ይሻግታል። ፓኬቱ ላይ ዲቃላ የሚል ካለበት ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል።

ካለፈው ዓመት የተረፈ ዘር ካለዎት ሳይጥሉት ይፈትኑት። 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ምድጃ አካባቢ፣ ሳይግል ሞቅ ባለ ቦታ ያኑሩት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየነከሩ በአሥር ቀን ውስጥ ይቁጠሩ። ከ12 በላይ ካቆጠቆጠ እንደ ወትሮው ይዝሩት፤ ከ6 እስከ 12 ከሆነ አብዝተው ይዝሩ፤ ከዚያ ካነሰ አዲስ ይግዙ።