«የተጣራ ዜሮ»፦ ምኑ ነው የተጣራው?

ጥያቄ፦ ስለ አየር ንብረት ፖሊሲ ሳነብ አንዱ «ዜሮ ልቀት» ይላል፣ ሌላው «የተጣራ ዜሮ ልቀት»። ዜሮ ያው ዜሮ አይደል እንዴ? «የተጣራ» የምትለዋ ብትቀር ምን ይጎድላል?

መልስ፦ ኧረ ብዙ ይጎድላል! ቃሏን ከደመወዝ እናውቃታለን። ግብሩና ጡረታው ተቀንሶ እጅ የሚገባው «የተጣራ» ይባላል። እዚህም ሥራዋ ያው መቀነስ ነው። አንድ አገር ወደ አየር የምትለቀው፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ አለ፤ ደኗና አፈሯ መልሰው የሚመጡት አለ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ «የተጣራ ዜሮ» ላይ ደረሰች እንላለን። ጭሱ ግን ጨርሶ አልቆመም። «ዜሮ ልቀት» ካልን ደግሞ አንድም ጭስ ማውጫ አይጨስም ማለታችን ነው። ቃሏን የዘለለ ጋዜጠኛ መንግሥትን ያልገባውን ቃል አስገባው ማለት ነው።

የፖሊሲው ዋና ጭቅጭቅ ያለውም እዚህችው ቃል ውስጥ ነው። ምን ያህሉ ከምንጩ ይቀነስ? ምን ያህሉ በሌላ መንገድ ይካካስ? የስዊድን ፓርላማ በ2017 እ.ኤ.አ. ይህን ለይቶታል። በ2045 እ.ኤ.አ. የተጣራ ዜሮ ለመድረስ፣ አገር ውስጥ የሚወጣው ጋዝ ከ1990 እ.ኤ.አ. መጠን ቢያንስ በ85 በመቶ መቀነስ አለበት። ማካካስ የሚቻለው የቀረውን ብቻ ነው። ዓመቱን ብቻ ጠርቶ ይህን ድርሻ ሳይለይ የሚያልፍ ዕቅድ ሲያጋጥምዎ፣ «የተጣራ» ብዙ ነገር መሸፈን እንደምትችል ያስታውሱ።

ዓመት ካነሳን አይቀር፣ «እ.ኤ.አ.»ን አትርሷት። ህንድ የያዘችው ግብ 2070 እ.ኤ.አ. ነው። ምልክቷ ከቀረች በእኛ አቆጣጠር ይነበብና ቀነ ገደቡ ሰባት ስምንት ዓመት ይገፋል። ግሱም ይታሰብበት። «ትደርሳለች» ትንበያ ነው፤ «ለመድረስ አቅዳለች» ግን ዕቅድ ነው። በሕግ የጸደቀ ከሆነ ደግሞ «በሕግ ደንግጋለች» ይባል።

«ልቀት» ራሷም ጣጣ አላት። ከ«ለቀቀ» የመጣችው አንድ ነገር ናት፣ ከ«ላቀ» የመጣችው ሌላ። «አገሪቱ ዜሮ ልቀት ላይ ደረሰች» የሚል ርዕስ ያየ ሰው ስድብ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ እኔ ሙሉውን፣ «የተጣራ ዜሮ የበካይ ጋዝ ልቀት» ብዬ እጽፋለሁ። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። «የካርቦን ልቀት» ቢያጥርም ሚቴን የተባለውን ሌላ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ውጭ ያስቀረዋል።