«ማስረጃ ሳሳየው ጭራሽ ይብስበታል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ24 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ወር ወዲህ «ሰዎች ይከታተሉኛል» ይላል። ሰፈራችን የሚቆም አንድ ባጃጅ አለ፤ እሱን የሚሰልል ነው ብሎ ድርቅ አለ። የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኖታል። በዚህ ሙቀት እኛ ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን ስንተኛ እሱ መስኮት ዘግቶ ክፍሉ ያድራል። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂውን ቤት ጠርቼ ሻይ እየጠጡ እንዲያወሩ አደረግሁ። ሰውየው ሲወጣ ግን «አቦ ተይኝ፣ አሠልጥነው ነው የላኩት» አለኝ። ጫት ይቅማል፣ ሌሊት አይተኛም። በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ማስረጃ አይገባውም? እናታችን ቁልቢ ልውሰደው ትላለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩን በቀና መንገድ ለመፍታት የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። ሻይው ያልሠራው ወንድምዎ ጉብዝናው ስለጠፋ አይደለም። የሚጽፉልኝ ሁሉ ግልጽ ነገር ለምን አይታየውም ብለው ስለሚናደዱ፣ ይህን በደንብ ላስረዳዎ።

የጻፉልኝ ነገር እኛ ዴሉዥን የምንለውን ይመስላል፤ ተቃራኒ ማስረጃ የማይነቀንቀው የተዛባ እምነት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን ሐኪም ልጁን ራሱን ማየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ እምነት ያላቸውን ሰዎች በዶቃ ፈተኗቸው። ሁለት ማሰሮ አለ። በአንዱ 85ቱ ዶቃ አንድ ቀለም፣ 15ቱ ሌላ ቀለም ነው፤ በሁለተኛው ቁጥሩ ይገለበጣል። ከተደበቀ ማሰሮ አንድ በአንድ ዶቃ እየወጣ ይታያል። «ከየትኛው እንደሚወጣ እርግጠኛ ስትሆን ንገረኝ» ይባላል። ሌሎች ሰዎች ደጋግመው አይተው ይወስናሉ። ዴሉዥን ካለባቸው ብዙዎቹ ግን በአንድ ወይም በሁለት ዶቃ ቆረጡ። በኋላም በተለያዩ አገሮች ብዙ ጊዜ ተደግሞ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

ልብ ይበሉ፣ ስሌታቸው አልተሳሳተም። ሁለት ዶቃ ተከታትሎ አንድ ቀለም ከሆነ ግምቱ 97 በመቶ ያህል ትክክል ነው። ችግሩ ኑሮ ሁለት ማሰሮ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባጃጅ በር ላይ ሁለቴ የቆመው ደንበኛ ሲጠብቅ ይሆናል፤ ጥላ ፈልጎ ይሆናል፤ ቤቱ እዚያው ይሆናል። ወንድምዎ እነዚህን ሳይመዝን ነው የደመደመው። ከደመደመ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ማስረጃ ራሱ ወደ ታሪኩ ይገባል። ሰውየው ትሑት ሆነ? «አሠልጥነውት ነው»። ቢቆጣም ኖሮ «ተነቃበትና ነው» ማለቱ አይቀርም ነበር። ቶሎ መደምደምና ተቃራኒውን ማስረጃ አለመቀበል ሁለት ዝንባሌዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ዝንባሌ፣ በተለይ ክፉ ክፉው ነገር ሲሆን፣ ከአጋጣሚ ይልቅ የሰው ተንኮል አድርጎ ማየት ነው።

እነዚህ ዝንባሌዎች በእኔም በእርስዎም አሉ። ሰው ስልክ ሳያነሳልን ሲቀር «ተቀይሞኛል» እንላለን፤ ሲደውልልን ግን እንተወዋለን። ዝንባሌው ብቻውን ማንንም አያሳምምም። ሰውን ከእውነታው በሚያርቀው የአእምሮ ሕመም፣ በሳይኮሲስ ጊዜ ግን፣ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሥርዓቱ ስለሚዛባ ተራው ነገር ሁሉ ትልቅ ትርጉም ያዘለ ይመስላል። የክላክስ ድምፅ፣ የጎረቤት ሳቅ ለእሱ መልእክት ይሆናል። ያንን እንግዳ ስሜት የሚያስረዳለት ታሪክ ሲያገኝ ቶሎ ይጨብጠዋል፤ በቀላሉም አይለቀውም።

ወደ ጫቱ እንምጣ። ድሬ ላይ በርጫ የዕለት ኑሮ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሚቅመው አብዛኛው ሰውም ለዚህ አይደርስም። ሆኖም ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የዶፓሚን መጠን ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ለበሽታው ተጋላጭ የሆነን ልጅ ምርቃና እና እንቅልፍ ማጣት ተደራርበው ሊገፉት ይችላሉ። መቃሙን ማቆም አለበት። ነገር ግን «ጫቱ ነው፣ ሲተው ይለቀዋል» ብላችሁ ቁጭ አትበሉ። ሁለት ወር ብዙ ነው፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ይሻላል።

ከእንግዲህ ምስክር አይጥሩ፣ አይከራከሩት። «አዎ፣ ይከታተሉሃል» ብለውም አይሸንግሉት። «ሰላም እንዳጣህ አያለሁ፤ እኔ እንደዚያ አይታየኝም፣ ግን አብሬህ ነኝ» ይበሉት። ተረጋግቶ ሲያዩት «ከመቶ ስንት እርግጠኛ ነህ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ቀስ ብለው ይጠይቁት። ሰማንያ ካለ ሃያዋ ለወሬ ክፍት ናት፤ አይጫኑት።

እናትዎ ቁልቢ ቢወስዱት አልቃወምም፤ ጸሎቱም የቤተሰብ አብሮነቱም ደግ ነው። የምለምነው መድኃኒት ከጀመረ በጠበል ምክንያት እንዳይቋረጥ ነው። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሐረር ሕይወት ፋና የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለባችሁም። እንደ ሪስፐሪዶን ያለ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ጥቅሙ በአንድ ሌሊት አይታይም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ሲሻለውም ሐኪሙን ሳያማክር አይተወው። ቶሎ የመደምደምን ልማድ ለማስተው የሚረዳ፣ በውይይት የሚሰጥ ሕክምናም አለ። አንድ ሥዕል በጥቂት በጥቂቱ እየተገለጠ፣ ሙሉው ሳይታይ መወሰን እንዴት እንደሚያሳስት ሕመምተኛው ራሱ ያየዋል።

መመረዝን ፈርቶ መብላት ካቆመ፣ ስለ ሞት ካወራ፣ ባጃጅ ነጂውን «ቀድሜ እመታዋለሁ» ካለ ወይም ስለት ከያዘ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ትኩሳት ኖሮት ድንገት ከተቀባዠረም እንዲሁ፤ ወባም አእምሮን ያስታል።

«አላበድኩም፣ አልሄድም» ሊል ይችላል። ስለ ባጃጁ አያንሱበት። እንቅልፍ ማጣቱ ግን እሱንም ያሠቃየዋል፤ «ለእንቅልፍህ ሐኪም እንይ» ቢሉት ውሸት አይሆንብዎትም። አብረውት ይግቡ፤ የሚተኛበትን ሰዓትና የሚቅመውን መጠን ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩ።